ለልጅ ይላል

ውብነሽ ከቅመሙ መደርደሪያ ፊት ከቆመች ቆየች። ጀርመን አገር፣ ዚንድሊንገን ባለው ሱፐርማርኬት፣ ሙቀት ሲገባ ብቻ በሩ አጠገብ የሚያቆሙት መደርደሪያ ነው። ከታች የከሰል ከረጢት ተቆልሏል፤ ከላይ ሥጋ ላይ የሚታሽ ቅመም በያይነቱ ተደርድሯል። ክብ ቆርቆሮ አለ፣ ረጅም ቆርቆሮ አለ፣ የቡሽ ክዳን ያለው ጠርሙስም አለ። አብዛኛው ቀይ ነው፤ እሳትም ተስሎበታል። ባሏ ሳህሌ ይገዛው የነበረው የትኛው እንደሆነ ግን አንዱም አፍ አውጥቶ አይነግራትም።

ቦርሳዋ ውስጥ ባዶ የኔስካፌ ጠርሙስ ይዛለች። ሳህሌ ቅመሙን ገዝቶ ሲመጣ እዚያ ውስጥ ይገለብጥና ቆርቆሮውን ይጥለው ነበር። አሁን ከጠርሙሱ ሥር የቀረው ጥፍር የማይሞላ ቀይ ትቢያ ነው። ከፈት አድርጋ አሸተተችው። ጢስ ጢስ ይላል፤ ነጭ ሽንኩርት አለበት፤ ትንሽ ጣፋጭ ነገር፣ ከኋላ ደግሞ አፍንጫ የሚቆነጥጥ ቁንዶ በርበሬ። ሽታው እንዳያልቅባት ሳስታ ቶሎ ዘጋችው። መደርደሪያው ላይ ያሉት ሁሉ የታሸጉ ናቸው፤ የታሸገ ነገር ደግሞ አይሸትም።

ቀኑ ሐሙስ ነው። ቅዳሜ ማይን ወንዝ ዳር የጉባኤው ግሪል፣ የሥጋ ጥብስ ቀን፣ አለ። በኪራይ አዳራሽ የሚያመልኩት ምእመናን በዓመት አንድ ቀን ልጅ አዋቂ ሳይሉ ሜዳ ይወጣሉ፤ አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ ከእሳቱ ፊት የሚቆመው ሳህሌ ነበር። ሳክሰንሃውሰን ውስጥ ምግብ ቤት ወጥ ሲሠራ የኖረ ሰው ነው፤ እሳትና እሱ ይተዋወቃሉ። ሳህሌ በየካቲት ሞተ። ባለፈው እሑድ ሽማግሌዎቹ፣ «ሥጋውን ወንድም ኢማኑኤል ያገላብጥ፤ ቅመሙን ግን ያው አንቺ ታውቂዋለሽ፣ እህት ውብነሽ» አሏት። ራሷን ነቀነቀች። አታውቀውም።

ሐሳቧ ግን ለጉባኤው አልነበረም። ጉባኤው ያቀረቡለትን አመስግኖ ይበላል። ሐሳቧ ለቤቴል ነው።

ቤቴል አንድ ልጇ ናት፤ አሥራ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ሰኞ ለትምህርት ላይፕሲግ ትሄዳለች። አባቷ ከተቀበረ ወዲህ ስሙን ጠርታ አታውቅም፤ ማዕድ ላይ እንኳ ፎቶው ፊት ለፊት እንዳይሆንባት ወንበር ቀይራለች። ምክንያቱ ሦስት ደብዳቤ ነው። ከቀብሩ በኋላ የኢንሹራንስ ወረቀት ስትፈልግ ከሳህሌ ኮት የውስጥ ኪስ አገኘቻቸው። ከሐኪሙ የተላኩ ናቸው፤ ከሆዱ የተወሰደው ናሙና መልካም ስላልሆነ ውሎ ሳያድር ቴርሚን፣ ቀጠሮ፣ ይዞ እንዲመጣ የሚለምኑ። የመጀመሪያው ከመሞቱ አንድ ዓመት ከሁለት ወር በፊት የተጻፈ ነው። ሦስቱም ተከፍተዋል፤ ሦስቱም በሥርዓት ለአራት ታጥፈዋል።

«ተከፍተዋል እኮ ማሚ!» ብላ ጮኸች ያን ቀን። «አንብቦ፣ አጥፎ፣ ኪሱ ከቶ ዝም አለ። እያወቀ ነው ጥሎን የሄደው!»

ለቅሶ ላይ አንዲት ሴት «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም» ስትል ቤቴል ሰምታ እናቷን ትርጉሙን ጠየቀች። ውብነሽ ነገረቻት፤ ምነው ባልነገረቻት። ልጅቱ ተረቱን እንደ ፍርድ ያዘችው። የቅዳሜውን ግሪል ስታነሣባትም፣ «አልመጣም። እሱን ሲያመሰግኑ ቁጭ ብዬ አልሰማም» ብላ የክፍሏን በር ዘጋች።

ውብነሽ በአንደበት ማስረዳት አይሆንላትም። የምታውቀው ማብላት ነው። ያ ሽታ አንዴ ልጅቱ አፍንጫ ቢገባ፣ አንድ ጉርሻ ብትቀምስ፣ ልቧ ላይ የተቀመጠው ድንጋይ ትንሽ ፈቀቅ ይላል ብላ አሰበች። ባይልስ? አባቷን እንዲህ እንደቆለፈችበት ላይፕሲግ ከሄደች፣ ቁልፉን ማን ይዞላት ይከተላል?

ቆርቆሮውን ለመለየት የያዘችው ምልክት አንድ ብቻ ነው። ከብዙ ዓመት በፊት ሳህሌ ቅመሙን ሲገለብጥ፣ «ላዩ ላይ ምን ይላል?» ብላው ነበር። እሱም ቆርቆሮውን ከዐይኑ ራቅ አድርጎ፣ ቅንድቡን እንደ ሊቅ ሰቅሎ፣ «ለልጅ ይላል» አላት።

«ለልጅ? ይኼ የሚፋጅ?»

«የጀርመን ልጅ ምን ይፈራል! መነጽሬን ረሳሁ እንጂ ሌላውንም ባነበብኩልሽ።»

ከዚያ ወዲህ የቤቱ ቀልድ ሆኖ ቀረ። ወጥ ላይ ጣል ልታደርግ ጠርሙሱን ስታነሣ «ተይ ውቤ፣ የልጅ ነው!» ይላታል፤ ቤቴልም በትንሽነቷ ደረቷን ነፍታ «የኔ ነው!» ትላለች።

ያኔ ውብነሽ ፊደል የሚባል አታውቅም ነበር። ባደገችበት ቀበሌ ትምህርት ቤት አልነበረም፤ ሱዳን ደግሞ ስደተኛ ውኃ ይቀዳል እንጂ ደብተር አይገዛም። የቤቱ አንባቢ ሳህሌ ነበር። ደብዳቤ ሲመጣ ከፍቶ አየት ያደርግና፣ «ይሄ ረጋ ብሎ መታየት አለበት» ብሎ ኪሱ ይከተዋል፤ በማግስቱ ወይም በሦስተኛው ቀን ፍሬ ነገሩን ይዞ ይመጣል። አንድ ጊዜ ኮርስ ልግባ ብላው፣ «ምን በወጣሽ፤ እኔ አለሁልሽ አይደል?» ብሎ አስቀራት። እሱ ሲሞት የደብዳቤው ሳጥን አስፈራትና በሚያዝያ ሄክስት ለአዋቂዎች በሚሰጥ የፊደል ኮርስ ተመዘገበች። መምህርቷ ጠዋት ጠዋት አንድ ነገር ትደጋግማለች፤ «አትገምቱ! ፊደል በፊደል!»

ኪንድ የምትለዋን ቃል ግን መምህርቷ ሳታስተምራትም ታውቃታለች። ኪንድ ልጅ ነው። የልጅ አበሉ ኪንደርጌልድ፣ መዋዕለ ሕፃናቱ ኪንደርጋርተን፣ የልጅ ሐኪሙ ኪንደርአርትስት፤ እዚህ አገር የወለደ ሰው፣ ሌላ ምንም ባያነብ፣ ያቺን ቃል እንደ ጎረቤት በመልኳ ይለያታል። እንግዲህ ኪንድ የሚል ቆርቆሮ ነው የምትፈልገው።

አንዱን ክብ ቆርቆሮ አነሣች። አሳማ ተስሎበታል። የሚፋጅ ነገር እንደያዘ ሰው ቶሎ መልሳ፣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፤ አሳማ ፈጭተው የጨመሩበት መስሏታል። ሁለተኛው ላይ ዓሣ አለ። ሦስተኛውን ጀምራ ፊደሉ በዛባት።

«ልርዳዎት?» አለቻት አንዲት የሱቁ ሠራተኛ፣ በጀርመንኛ።

«ፊውር ኪንድ» አለች ውብነሽ ደፍራ፤ ለልጅ ማለቷ ነው።

«አሃ፣ ፊውር ኪንደር!» ልጅቷ ፈገግ ብላ ጫጩት የተሳለበት ቢጫ ቆርቆሮ ሰጠቻት። ለስላሳ ነው፣ ምላስ አያቃጥልም አለቻት። ውብነሽ አመሰገነች። ልጅቷ ዞር ስትል ቆርቆሮውን ወደ ቦታው መለሰች። የሳህሌ ያቃጥላል። በክረምት እንኳ ግንባር ያልብ ነበር።

ከታች፣ ከከሰሉ በላይ ባለው ረድፍ ላይ፣ ጥቁር ቆርቆሮዎች ቆመው አየች። ሥዕል የለባቸውም። ጽሑፉ ነጭ ነው፤ በሰሌዳ ላይ በጠመኔ እየቸኮሉ የጻፉት ይመስላል። ተንበረከከች። ጣቷን ከመጀመሪያዋ ቃል ሥር አስቀመጠች። ፊ…ውር። ፊውር፤ ያ «ለ» ነው። ቀጥላ ያለችውን ገና ስታያት ልቧ ዘለለ። አንድ ቀጥ ያለ እንጨት፣ ከጎኑ ወደ ላይና ወደ ታች የተሰነጠቀ እግር። ከዚያ ኢ፣ ከዚያ ኤን፣ ከዚያ ዴ።

ለልጅ ይላል።

እዚያው በጉልበቷ እንዳለች ዐይኗ እንባ አቀረረ። በሕይወቷ ሙሉ፣ አንድ ሰው ሳይነግራት፣ ማንም ሳይቆምላት፣ ብቻዋን ያነበበችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው።

ቤት ስትደርስ ቤቴል ሳሎን መሬት ላይ ተቀምጣ መጻሕፍት በካርቶን ትከታለች። ውብነሽ ጫማዋን እንኳ ሳታወልቅ ቆርቆሮውን ከፈተች፤ የቡናውንም ጠርሙስ ከፍታ አጠገቡ አኖረች።

«እስቲ አሽትቺ።»

«ማሚ፣ ሥራ ላይ ነኝ።»

«ለናትሽ ስትይ።»

ቤቴል ጎንበስ ብላ ጠርሙሱን አሸተተች። ቀጥላ ቆርቆሮውን። ደግማ ጠርሙሱን። ፊቷ ለአፍታ የስድስት ዓመት ልጅ ፊት ሆነ።

«ከየት አገኘሽው?» አለች ድምጿ ዝቅ ብሎ።

«አነበብኩት!» አለች ውብነሽ። «ማንንም ሳልጠይቅ። ያውልሽ፣ ለልጅ ይላል። ፊውር ኪንድ።»

ቤቴል ቆርቆሮውን ወደ ብርሃን አዞረችው። ከዚያ ሳቀች፤ ከየካቲት ወዲህ የመጀመሪያ ሳቋ ነው። «ማሚ! ሪንድ ነው እኮ! የመጀመሪያዋ ፊደል ኤር ናት፣ ካ አይደለችም። ፊውር ሪንድ። ለበሬ ሥጋ ማለት ነው!»

የውብነሽ ፊት እስከ ጆሮዋ ድረስ ጋለ። የመምህርቷ ድምፅ መጣባት፤ አትገምቱ። ያቺ ደስታዋ ከእጇ እንደ ወደቀ ዕንቁላል ሆነች።

«እኔ ምን ላድርግ» አለች እንደ ልጅ አኩርፋ። «አባትሽ ነው ለልጅ ይላል ያለኝ። እሱ አንብቦ…»

አልጨረሰችውም።

ቤቴል ሳቋ ከፊቷ ላይ ቀስ እያለ ወረደ። ቆርቆሮውን ደግማ አየችው። ያቺን የተሰነጠቀች ኤር በአውራ ጣቷ አሻሸቻት፣ እንደምትጠፋ ሁሉ።

«አባዬ አንብቦ ነው ለልጅ ያለሽ?»

«አንብቦ። እፊቴ። እንዲህ ራቅ አድርጎ ይዞ።»

«መነጽሬን ረሳሁ እያለ።»

«አዎ።»

«ማሚ፣ የአባዬ መነጽር የት አለ?»

«አላገኘሁትም» አለች ውብነሽ። ልብሱን ለሰው ስታከፋፍል ፈልጋዋለች። ሆስፒታል ቀርቶ ይሆናል ብላ ተወችው። አሁን ስታስበው፣ በሃያ አንድ ዓመት ትዳር ውስጥ መነጽር ዐይኑ ላይ አላየችም። አንድ ጊዜም። አዳራሽ ውስጥ መጽሐፍ ቅዱሱን ከፍቶ ይይዛል፤ አንብብ ሲሉት መነጽሩን ይረሳል፤ መዝሙሩን ግን ሁሉን በቃሉ ያወርደዋል። በአንድ አልጋ ተኝታ፣ በአንድ ሳህን በልታ፣ አላየችም።

«ጋሽ ገናናው ጋ ደውዪ» አለች ቤቴል። «ሻይ ልጠጣ ብሎ ሁልጊዜ እሳቸው ጋ አይደል የሚሄደው?»

ጋሽ ገናናው ጻይልስሃይም የሚኖሩ ጡረተኛ መሐንዲስ ናቸው፤ ዱሮ ተማሪ ሆነው መጥተው እዚሁ ያረጁ። የጉባኤው ሰው አይደሉም፣ ኦርቶዶክስ ናቸው፤ ስለዚህም ሳህሌ ለምን እንደወዳቸው ብዙ ሰው አይገባውም ነበር። ውብነሽ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አድርጋ ድምፁን ከፈተችው።

«ጋሽ ገናናው፣ ደኅና ዋሉ? ውብነሽ ነኝ።»

«ውብነሽ! እንደምን ዋልሽ ልጄ? ቤቴልስ፣ ዶክተራችን፣ ደኅና ናት?»

«ደኅና ናት። ጋሼ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎት ነው። እንዳይሸሽጉኝ፣ በእግዚአብሔር ይዤዎታለሁ። ሳህሌ ማንበብ ይችል ነበር?»

ከወዲያ በኩል ሬዲዮ ሲጠፋ ተሰማ።

«ማን ነገረሽ?» አሉ።

«የቅመም ቆርቆሮ።»

ሽማግሌው ረጅም ተነፈሱ። «አስምሎኛል እኮ ልጄ። ብሞት እንኳ እንዳይሰሙ ብሎ አስምሎኛል። አሥራ አራት ዓመት ወረቀቱን በኪሱ ይዞ እየመጣ፣ እኔ አነብለታለሁ፣ ቅጹን እሞላለታለሁ፣ እሱ እንደ ውዳሴ ማርያም በቃሉ ይይዘዋል። ላስተምርህ ብለው እንቢ አለ። ‹ጋሼ፣ ልጄ እኔን እንደ ተማረ ሰው ነው የምታየኝ፤ ያቺን ዐይኗን አልነካባትም› ይለኛል።»

ቤቴል እጇን አፏ ላይ ጫነች።

«ያን ዓመት ግን» አለች ውብነሽ፣ «ሦስቱ ደብዳቤ የመጣ ዓመት…»

«ያን ዓመት እኔ የለሁማ!» ድምፃቸው ተሰበረ። «እህቴን ላስታምም ኅዳር ላይ አዲስ አበባ ገባሁ። መስከረም ስመለስ እሱ አልጋ ይዟል። በስልክ እናወራ ነበር እኮ! ወረቀት አለኝ አላለኝም። ‹ሲመለሱ ሻይ እንጠጣለን፣ አይቸኩሉ› ነው ያለኝ። አይቸኩሉ!»

ስልኩ ተዘጋ። ውጭ የሰባ ሁለት ቁጥር ይሁን የሌላ፣ አንድ አውቶቡስ ቆሞ ሄደ። ቤቴል ተነሥታ ከክፍሏ ሦስቱን ደብዳቤዎች አምጥታ ከቆርቆሮው አጠገብ አኖረቻቸው። እጥፋታቸው ከመብዛቱ የተነሣ ወረቀቱ ጠርዙ ላይ ላላ ብሏል።

«ደብቋቸው አልነበረም» አለች። «ኪሱ ውስጥ ይዟቸው ሲዞር ነበር። እስኪያነቡለት እየጠበቀ። እኔ ጎኑ ባለው ክፍል ተቀምጬ፣ ማሚ፣ እኔ የአቢቱር ፈተናዬን እያጠናሁ…»

«የኔ ልጅ።»

«ሰባተኛ ክፍል እያለሁ ከትምህርት ቤት ደብዳቤ መጥቶብኝ ነበር። በሒሳብ ልትወድቅ ነው የሚል። ፈራ ተባ እያልኩ ሰጠሁት። ብዙ ቆይቶ አየውና፣ ‹ጎበዝ፣ በርቺ!› ብሎ አይስክሬም ሊገዛልኝ ይዞኝ ወጣ።» ልትስቅ ሞከረች፤ አልሆነላትም። «እንደሱ ያለ አባት የለም አልኩ። እንዳላፍር ብሎ ነው ያደረገው አልኩ።»

ከዚያ በኋላ አለቀሰች። የቀብሩ ዕለት ያላለቀሰችውን፣ መሬት ላይ፣ ከመጻሕፍቱ መካከል። ውብነሽ አጠገቧ ተቀምጣ ጀርባዋን ታሻለች። ልቧ ውስጥ አንድ ነገር ብቻ ይመላለስባታል፤ ምነው በዚያን ዓመት እኔ ፊደል ብቆጥር፤ ምነው እሱ «ምን በወጣሽ» ሲለኝ እንቢ ብለው።

ዓርብ ጠዋት ሥጋውን ከቱርኩ ሥጋ ቤት ይዛ ስትመለስ ቤቴል እጅጌዋን ሰብስባ ትጠብቃለች። ቅመሙን ያሸችው እሷ ናት፤ አባቷ እንደሚያደርገው፣ መጀመሪያ በዘይት፣ ቀጥሎ በቅመም፣ ሥጋው መልኩን እስኪቀይር።

ቅዳሜ ወንድም ኢማኑኤል ጠርዝ ጠርዙን አሳረረው፤ ለዚያም ሁሉ ሰው ቀለደበት። «ሳህሌ ቢኖር ጥፊው ባረፈብህ ነበር!» ይሉታል። እህት ዶርቃ፣ የመዘምራኑ አለቃ፣ የመጀመሪያውን ቁራጭ አኝካ ዐይኗን ጨፈነች።

«ራሱ ነው! ጌታ ይባርክሽ ውብነሽ፣ ራሱ የሳህሌ ጣት ነው። ዛሬስ አትደብቂንም፤ ምንድን ነው ምስጢሩ?»

ውብነሽ ወደ ልጇ አየች። ቤቴል ቆርቆሮውን ከቅርጫቱ አወጣችና ክንዷ እስከሚደርስ ድረስ ከዐይኗ አራቀችው። ቅንድቧን ሰቀለች።

«ለልጅ ይላል» አለች።

«አይ አንቺ! ይኼ የሚፋጅ ለልጅ?»

«መነጽሬን ረሳሁ እንጂ፣ እትዬ ዶርቃ፣ ሌላውንም ባነበብኩልዎት ነበር።»

ሰዎቹ ሳቁ፤ አንድም ያወቀ የለም። ቤቴል ቆርቆሮውን መለሰችና አንድ ቁራጭ ሥጋ አነሣች። አኘከችው፣ አኘከችው፤ ለመዋጥ ብዙ ጊዜ ፈጀባት። ውብነሽ ውኃ ቀድታ ሰጠቻት፤ ቀጥላም ቆርቆሮውን ከቅርጫቱ ውስጥ አየችው። አሁን ኤርዋ ግልጽ ብላ ትታያታለች። ከእንግዲህ ካ መስላ አትታያትም። ክዳኑን ጠበቅ አድርጋ ዘጋች፤ ሰኞ ልጅቱ ይዛው እንድትሄድ ነው።